የጡት ልጄ የጻፈው መጽሐፍ

ቶሪኖ፣ መስከረም ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ይድረስ እናትም አክስትም ለሆኑኝ ለእቴቴ አበዛሽ፣ አዳማ።

ዘመንን በዘመን የለወጠ አምላክ እርስዎንም ከክረምቱ ጭቃ በሰላም ያውጣልኝ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ? እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና ሳይገባ ጣቴ ይደነዝዛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ዛሬ የምሥራች አለኝ። የጡት ልጅዎ ሙሴ ቬርኒ መጽሐፍ አሳተመ። ያ ከባቡር ወርዶ እርስዎ ቤት ያረፈ፣ በንዳድ ሲንቀጠቀጥ አጥሚት እየጋቱ ያዳኑት ቀጭን ፈረንጅ ዛሬ በዚህ ከተማ ስሙ የማይነሣበት ቤት የለም። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው። አንድ ሰላይ አበባ ለቃሚ መስሎ ሩቅ አገር ይገባል። በረዶ የለበሰ ተራራ ላይ ወጥቶ ከታች ያለውን የባቡር ሐዲድና የወንዝ መሻገሪያ በሥዕል ያነሣል። ሲደርሱበት በገደል ያመልጣል። የመጽሐፉ ስም ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «የመጨረሻው ቋጥኝ» ማለት ነው።

የሚገርምዎት ግን ውስጠ ምሥጢሩ ነው። የጋዜጣ ጸሐፊዎች በየሳምንቱ እየተከራከሩ ይፈቱታል። ተራራው የአገር ክብር ነው ይላሉ። ነጯ በቅሎ ንጽሕና ናት። ገመዱ የሠለጠነውንና ያልሠለጠነውን ሰው ያስተሳሰረ ኪዳን ነው። ለእንግዳው ማር የምታቀምሰው ባልቴት ደግሞ ሸለቆዋ ራሷ ናት፣ መንገደኛን በጣፋጭ ይዛ የምታስቀር። እኔ ሳነበው የታየኝ ግን የኛው ተራራ ቦሰት ነው። በረዶውን ቢያራግፉለት ቁርጥ ቦሰት። ባልቴቷም እርስዎ ነዎት።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለታማኙ አስተርጓሚዬ ለኃይለየሱስ» ብሎ አሳትሞልኛል። አንድ መጽሐፍ በፖስታ ልኬያለሁ። ቋንቋውን ባያውቁትም ስሜን ለጎረቤት ያሳዩልኝ።

አንዲት ነገር ላስቸግርዎ። አሳታሚው መጽሐፉን በሱቁ መስተዋት ውስጥ ሲደረድር ከጎኑ እውነተኛ የጠፍር ገመድ መስቀል አምሮታል። ገርባ የሚገምደውን ዓይነት። ፈልገው ቢልኩልኝ ሙሴ ቬርኒም ደስ ይለዋል።

ያሳደጉት ልጅዎ ኃይለየሱስ


አዳማ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ለልጄ ለኃይለየሱስ ተክለሃይማኖት።

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እመብርሃን በሰው አገር እጇን አታንሣብህ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ያስለቅሰኛል፣ ዳገቱ ግን አይከፋም።

መጽሐፉ ደርሷል። ስምህን እያዞርኩ አሳየሁ፣ ሴቶቹም እልል አሉልህ። እኔም እልል ብዬ ነበር፣ ደብዳቤህን እስክጨርስ።

የገርባን ገመድ ላኪ ትለኛለህ? ረስተኸው ነው ወይስ የቶሪኖ ብርድ ጭንቅላት ውስጥም ይገባል? አራት ዓመት ሆነው እኮ። ፈዬራ ሙሴ ቬርኒን እየመራ ቦሰት ገደል ላይ ከወደቀ ጀምሮ ገርባ አገሩን አያውቀውም። ገመዱን የገመደው ገርባ፣ ከላይ ሆኖ የያዘው ገርባ፣ ስለዚህ ደሙም የገርባ ነው ብሎ ሰንበታ በወንድሙ መቃብር ላይ ማለ። ሰንበታ የማለውን እንደማይመልስ ታውቃለህ። ገርባ ያንኑ ሳምንት ሸሽቶ አዳሚ ቱሉ ገባ፣ እስከ ዛሬ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች መረብ እየጠገነ ያድራል። እናቱ እዚሁ ቦሰት ሥር ዓይኗ ጠፍቶ ተቀምጣለች። ቢመጣ ይገደላል፣ ባይመጣ እሷ ሳታገኘው ትሞታለች። አንተ ደግሞ ለሱቅ ማስጌጫ ገመዱን ትጠይቃለህ። ሲያነቡልኝ ቢሆን ኖሮ ተሳስታችኋል እል ነበር። ግን አባቴ መሪጌታ ናቸውና ፊደል አስቆጥረውኛል፣ በገዛ ዓይኔ አነበብኩት።

በቅሎዋም ነጭ አልነበረችም። የሰንበታ ቡላ በቅሎ ናት፣ ጀርባዋ ቆስሎ ዝንብ የሚወራት። ንጽሕናዋን ማን አየላት?

ማሩም ምንም ምሥጢር የለው። ዘመድ የሌለው ሰው ቦሰትን አይረግጥም ብሎ ሰንበታ ሲከለክል «እቴቴ፣ ዘመድ ያድርጉት» ብለህ እግሬ ላይ የወደቅኸው አንተ ነህ። እኔም መካን ነኝ፣ አልጋዬ ላይ በንዳድ ሲቃዥ እናቱን ሲጠራ ሰምቻለሁ፣ አንጀቴ አልቻለም። በሰንበታና በፈዬራ ፊት አውራ ጣቴን ማር ነክሬ አጠባሁት፣ የጡት ልጄ ሆነ። ፈዬራ «እንግዲህ የእትዬ አበዛሽ ልጅ ከሆነ እኔ አወጣዋለሁ» ያለው በዚያ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊት አንተ የተናገርከውን አልረሳሁም። ኋላ ቀርቼ ነበር፣ አላየሁም አልክ። ሙሴ ቬርኒ ገመዱ አርጅቶ ተበጠሰ አለ፣ ገመዱንም ይዞት ሄደ። ገርባ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ሲደጋግም የኖረው። ገመዱ በእጄ ላይ እንደ ተበጠሰ ገመድ አልነጠረም፣ ቀስ ብሎ ቀለለ ይላል። ሰንበታ ደግሞ ሌላ ነገር ያብሰለስላል። የፈረንጁን ሻንጣ የተሸከመው ፈዬራ ነበር። ፈዬራ ገደል ገባ፣ ሻንጣው ደህና ቤቴ ገባ። እንዴት ሆኖ?

ስለኔና ስለ ገደሉ የተጻፈውን ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።

አክስትህ አበዛሽ


ቶሪኖ፣ የካቲት ፳፪ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእቴቴ አበዛሽ።

ጾሙ ሊገባ ነው። ፈጣሪ ጉልበቱን ሰጥቶ ለትንሣኤው ያድርስዎ። በቸልታ አይደለም የዘገየሁት፣ ሙሴ ቬርኒ በየከተማው ንግግር እያደረገ እኔም አብሬው ስዞር ነው።

የፈለጉትን ገልብጬያለሁ። ስለ እርስዎ የተጻፈው ይህ ነው። «ደጊቱ ባልቴት አውራ ጣቷን ማር ነክራ ለእንግዳው አጠባችው። እንግዳው በማያውቀው አገር እናት አገኘ፣ ልቡም ተነካ።» ስለ ገደሉ ደግሞ ይህ ነው። «ያረጀው ገመድ ተበጠሰ። መሪው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ደመናው ገባ።» ይኸው ነው። አንድ ታላቅ ሐያሲ የገመዱ መበጠስ የሁለቱ ዓለማት መለያየት ነው ብሎ ጽፏል፣ ሰው ሁሉ ይቀባበለዋል። በፈዬራ አዝኛለሁ፣ ነፍሱን ይማር። ነገር ግን ልብ ወለድ ነውና ከእሱ ጋር አያይዘው አይዘኑበት።

የገመዱን ነገር ይተዉት፣ እኔ ሳላስብ የጻፍኩት ነው። በምትኩ ለሙሴ ቬርኒ አጭር የደስታ ቃል ይጻፉለት። «ልጄ» ብለው ይጀምሩ። እኔ እተረጉመዋለሁ፣ ጋዜጣ ላይ ሊያወጡት ይፈልጋሉ። ለእኔም እንጀራ ነው።

ልጅዎ ኃይለየሱስ


አዳማ፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ለኃይለየሱስ።

እግዜር ይጠብቅህ ብዬ ልጀምር፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ምርቃት አይደለምና።

መሐመድሰዒድን ታስታውሰዋለህ? ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አቡጀዲ የሚሸጠውን። ምጽዋ ነው ያደገው። የጣሊያን ነጋዴ ቤት ተቀጥሮ እንደኖረ፣ ጽሕፈቱንም እንደሚያነብ እኔ አላውቅም ነበር። አንተም አታውቅም ነበር፣ ብታውቅ መጽሐፉን አትልክም። ያንተን ግልባጭ ሳሳየው ደስ ብሎት ዋናውን መጽሐፍ ካላነበብኩልዎት አለ። ተቀምጦ ጀመረ። ስለ ማሩ የተጻፈው ጋ ሲደርስ መጽሐፉን ከደነው። «እትዬ አበዛሽ፣ ይህን ባልናገር ይሻለኛል» አለኝ። ተናገር አልኩት።

እንዲህ ይላል። «ወፍራሟ ባልቴት ቅቤ የሚሸት ጣቷን አፌ ውስጥ ከተተች። ከብት ጥጃውን እንደሚልስ ያለ ሥርዓት ነው። ተራራውን ስለምፈልገው ጠባሁ። ከዚያ ከቤቷ ጓሮ ሄጄ እስኪወጣልኝ ተፋሁ፣ አፌንም በአረቄ ታጠብኩ።»

ልቡ ተነካ ብለህ የጻፍክልኝ ይህን ነው።

ኃይሌ፣ ያን ሰው ሲያስመልሰው ያነሣሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ላቡን ጠርጌለታለሁ፣ የሸናውን ደፍቻለሁ፣ አንድ ቀን አልተጠየፍኩትም። እሱ ጓሮዬ ውስጥ፣ ጎመኔ ላይ፣ ልጅነቱን ተፋው። ከዚያ ተመልሶ ገብቶ እራት በላ፣ እኔም በእጄ አጎረስኩት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ቤቱን ብጠርገው፣ ምንጣፉን ባወጣው፣ አልጋውን ለሰው ብሰጠው ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣ አለኝ። አንተ ያሳመርክልኝ ደግሞ ከእሱ ይልቅ ይቀፈኛል። እሱ የተፋውን አንተ በማር ለውሰህ መልሰህ አቀረብክልኝ።

የገደሉን ገጽ መሐመድሰዒድ ሳይለመን አነበበው፣ ድምፁ እየወረደ። «መሪው ሥዕሉን አይቶ ነበርና ለሹሙ እንደሚናገር ገባኝ። ከገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ አስተርጓሚዬ በገዛ ቋንቋው አባብሎ ሻንጣውን እንዲያቀብለን ለመነው። አቀበለን። ከዚያ ቢላዋዬን አወጣሁ። ከላይ የያዘው ሰው ከቋጥኙ ወዲያ ስለሆነ አያየንም። እርጥብ ጠፍር ቶሎ አይቆረጥም።»

ልብ ወለድ ነው ትለኝ ይሆናል። መሐመድሰዒድ መጽሐፉን በሙሉ አገላብጦልኛል። በዚያ የበረዶ ተራራ ላይ ሰው ሁሉ የሚወጣው በቃጫ ገመድ ነው። እዚያች አንዲት ገጽ ላይ ብቻ ገመዱ ጠፍር ሆነ። በረዶ አገር ላይ ጠፍር ከየት መጣ? ገርባ «አልነጠረም፣ ቀስ ብሎ ቀለለ» ያለውስ ይኸው አይደለም? ሰንበታ ሻንጣው እንዴት ሆኖ ብሎ ሲያብሰለስል የኖረው ይኸው ተመለሰለት።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ቬርኒ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ፈዬራን አባብሎ ሻንጣውን የተቀበለው ማን ነው? በዚያ ተራራ ላይ ከአንተ ሌላ አስተርጓሚ ነበር?

አበዛሽ


ቶሪኖ፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ለእናቴ ለእቴቴ አበዛሽ።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ። ያለ መልስ ስላቆየሁዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቤት ለውጠን ነበር፣ ደብዳቤዎም ዘግይቶ ነው እጄ የገባው።

መሐመድሰዒድ ቋንቋውን የሚያውቀው ከገበያ ነው። የመጽሐፍ ቋንቋ ሌላ ነው። ልብ ወለድ ማለት ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መጻፍ ነው፣ የሚጽፈውም «እኔ» ብሎ ስለጻፈ አደረገው ማለት አይደለም። ጠፍሩ ሻካራነትን የሚያሳይ ምልክት ነው። ቢላዋው ውሳኔ ነው። አስተርጓሚው ደግሞ ሰው አይደለም። ይህን እኔ ከራሴ አላመጣሁትም፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። አስተርጓሚው የሰላዩ ኅሊና ነው፣ ሥጋ የለውም ብለዋል። እኔ የት እንደነበርኩ ለሽማግሌዎቹ ያኔ ተናግሬያለሁ።

እቴቴ፣ ሙሴ ቬርኒ እንደ ቀድሞው አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ቤቱ ይመጣሉ፣ በሩን ዘግተው ያወራሉ፣ ካርታ ይዘረጋሉ። እኔ የምኖረው በሱ ደጅ ነው። ይህ ወሬ ከአዳማ ተነሥቶ እዚህ ቢደርስ የምገባበት የለኝም። መጽሐፉን ያቃጥሉልኝ። ለሰንበታ ግን በፍጹም እንዳያሳዩት። ስላሳደጉኝ ብለው ይህችን አንዲት ነገር ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ኃይለየሱስ


አዳማ፣ ኅዳር ፳፭ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ለኃይለየሱስ።

ሰላም ለአንተ ይሁን። መጽሐፉን አላቃጠልኩትም። ቦሰት ሥር ሽማግሌዎቹ ከኦዳው ዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጡበት ቀን ይዤው ሄድኩ፣ መሐመድሰዒድም ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። አንድም ሳይዘል አነበበላቸው። ሰንበታ ሲሰማ አልጮኸም። ስለ ሻንጣው ሲነበብ ብቻ ከተቀመጠበት ተነሣና ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ከዚያ ታላቃቸው እንዲህ አለኝ። ወረቀት አይምልም። ወረቀት ዓይን የለውም። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ ተረት ነው ብሎ ከሸጠው እኛ እውነት ነው ብለን የሰው ደም ከአንዱ ላይ አንሥተን በሌላው ላይ አንጥልም። እዚያ የቆመ ሰው «አየሁ» ብሎ ይማል፣ ያን ጊዜ ገርባ ይገባል።

እዚያ የቆመው ሰው አንተ ነህ። ምልክት አይደለህም፣ ኅሊናም አይደለህም። ወተት ያጠጣሁህ፣ ኩፍኝ ሲይዝህ ያዘልኩህ፣ እግርህ ሰፊ ስለሆነ ጫማ የሚቸግርህ ኃይለየሱስ ነህ። ኅሊና የሚባለውማ ቢኖርህ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው በሰው አገር መረብ ሲጠግን ዝም አትልም።

ጋዜጣውን ተወው። «ቆሜ ነበር፣ አይቻለሁ» ብለህ ጻፍና በእግዚአብሔር ስም ማልበት። ከዚያ በላይ አልጠይቅህም፣ አልወቅስህም። ሰዎቹ በሩን ዘግተው ካርታ የሚዘረጉልህ ከሆነ ውጣና ና፣ ቤትህ ይኸው። የገርባ እናት ታማለች።

አክስትህ አበዛሽ


ቶሪኖ፣ ሚያዝያ ፲፩ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእቴቴ አበዛሽ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። እኔ ክረምቱን ሙሉ ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። የዘንድሮው በረዶ ለጉድ ነው፣ ከመስኮቱ ሥር ተቆልሎ ልጆች ይጫወቱበት ነበር። ቢያዩት ኖሮ ጥጥ ይመስልዎት ነበር።

ከዚህ ጋር የሱፍ ያንገት ልብስ ልኬያለሁ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ይለብሱታል። ሙሴ ቬርኒ ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምሯል። ስለጠየቁኝ ነገር በጥቅምት የጻፍኩት በቂ ይመስለኛል።

ጸሎትዎ አይለየኝ።

ኃይለየሱስ


አዳማ፣ ሰኔ ፳፫ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ለኃይለየሱስ።

ደብዳቤህም ያንገት ልብሱም ደርሰውኛል። ያንገት ልብሱን ለገርባ እናት ሰጠኋት፣ ይበርዳታል። ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። በረዶ አለበት፣ ጉንፋን አለበት፣ ፈዬራ የለበትም።

ስለዚህ አንተን መጠበቅ ተውኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ያን ሰው መካድ ነበር። ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ልጄ አይደለም፣ ጡቴን ተፍቷል ብዬ ላወልቀው። ስሙን በሐሳቤ ሳነሣው እንኳ አፌ ምራቅ ይሞላል። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ግን መንገድ ላይ ቆም አልኩ። ብክደው ለኔ አፌ ይጸዳል፣ ለገርባ ምን ይተርፈዋል? ልጄ ነው ብልስ? ልጅ ከሆነ ቤት አለው። ቤቱ የኔ ነው። የገዳይ ቤት ራሱ «የኛ ሰው ገድሏል» ብሎ የደም ካሳውን፣ ጉማውን ይዞ ከቀረበ ማን ምስክር ይጠይቃል?

የንስሐ አባቴን ብነግራቸው ተቆጡኝ፣ ባልሠራሽው ደም ስምሽን አታግቢ አሉኝ። እጃቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ፊት በባዶ እግሬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆምኩ። ሴት በዚያ ጥላ ሥር አትናገርም፣ የገዳይ እናት ግን ትለምናለች። «ልጄ ፈዬራን ገድሏል» አልኩ። በሰንበታ ፊት ነው ያጠባሁት፣ በናንተ ወግ ልጄ ነው፣ በኔም ወግ ልጄ ነው፣ ደሙ የቤቴ ነው አልኩ።  ልጄ ማለት እንዲህ ሲቀፍ አይቼ አላውቅም።

ሰንበታ ተነሥቶ መጣ። «እትዬ፣ ያላደረጉትን ለምን ይሸከማሉ?» አለኝ።

«ፈዬራ ገደሉን የወጣው የኔ ልጅ ነው ብሎ ነው» አልኩት።

ሌላ ምን እለዋለሁ። ቡልኮውን ወደ ፊቱ ሳበ። ከዚያ እሺ አለ። በጉ ታረደ፣ እኔና እሱ ደሙ ላይ እጃችንን አኖርን። ላሞቼን ነዳሁለት። ጉማ የወገን ነውና ለአንተ ብዬ ያቆየሁትን፣ ከአዋሽ ማዶ ያለውን የአባትህን እርሻም ሰጠሁ። ሰንበታ ተቀበለ። መቃብሩ ላይ የማለውን መሐላ እዚያው ሽማግሌዎቹ አነሡለት።

ገርባ በሦስተኛው ቀን ከአዳሚ ቱሉ ገባ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ አታውቀውም። እናቱ በእጇ ፊቱን ደባበሰችው፣ አልመሰላትም፣ እንደገና ደባበሰችው። ሰንበታ ራሱ ነው ደጃፏ ድረስ ያመጣው። ገርባ እኔን ሲያይ ሊንበረከክ ሞከረ፣ ከለከልኩት። ምን አድርጌለት? አምስት ዓመት ከዚያም በላይ ውሸታም ሲባል እኔም ዝም ካሉት ጋር ነበርኩ። እውነቱን ተናግሮ የከሰረው እሱ ነው። እስከ ጨለማ ሦስታችን ተቀምጠን ሰንበታና ገርባ ስለ ፈዬራ አወሩ፣ እኔ ሰማሁ። ሲቀልድ እንዴት እንደነበር፣ ገደል ላይ ሲንጠለጠል እንኳ እንደሚያፏጭ። ያን ቀንም እያፏጨ ነበር አለ ገርባ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርህ፣ ከሌላ ሰው ብትሰማው ደስ አይለኝም። ገርባ ከገባ በኋላ፣ እርቁ ሊዘጋ ሲል፣ ታላቁ ሽማግሌ የገዳዩን ቤት ሰዎች በስም ቆጥሪ አለኝ። ስሙ የተጠራ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር በሰላም ይገባል፣ በሰላም ይወጣል። ስሙ ያልተጠራን እርቁ አይሸፍነውም።

የጡት ልጅሽን ቆጥረናል አለኝ። ሌላ ያሳደግሽው፣ ከእርቁ ውጭ እንዳይቀር የምትፈልጊው ልጅ አለሽ ወይ አለኝ።

ቬርኒ ገዳይ ነው፣ ግን ቢላዋዬን አወጣሁ ብሎ ጽፏል፣ አንተ አየሁ ብለህ እንኳ አልጻፍክም። አንተን አሰብኩ። ኩፍኝ ይዞህ ጀርባዬ ላይ ስትተኛ አሰብኩ። ሁሉም ጠበቁኝ፣ ሰንበታም ገርባም።

የለኝም አልኩ።

አበዛሽ